ነጻ የተባለው ምርመራ ስንት ያወጣል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ለዘመናቸው እውነት ብለዋል። በዛሬዋ ኢትዮጵያ ግን በሽታውን የደበቀው በሽተኛው አይደለም። በሽተኛውማ ከቀን ሥራው ቀርቶ፣ ከጎረቤት የታክሲ ተበድሮ፣ ገና ሳይነጋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፏል። «አሳለኝ፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ከሳሁ፣ ኧረ እዩኝ!» እያለ ነው። በሽታውን የደበቀው ማየት የሚችለውን መሣሪያ ከበሽተኛው ያራቀው አሠራር ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁትም በዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የሳንባ ነቀርሳን ባሲል ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። የበሽተኛውን አክታ መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አልብሶ፣ በማይክሮስኮፕ መፈለግ የተጀመረውም ያኔ ነው። ይኸው ከ140 ዓመት በኋላ በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው የሚታየው በዚያው ዘዴ ነው። ማይክሮስኮፕን ልሰድብ አልፈልግም፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን አንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ባሲል ከሌለ ማይክሮስኮፕ ምንም አያይም። ሕፃናት ያን ያህል ባሲል አያወጡም። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰውም ብዙ ጊዜ አያወጣም። «ኔጌቲቭ ነህ» ተብሎ የተሸኘው ሰው ታዲያ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ነዋ! ወደ ሚስቱ፣ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ታክሲው፣ ወደ ሥራ ቦታው። ያልታከመ የሳንባ ቲቢ ያለበት አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ሰው ሊያስይዝ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ሲናገር ኖሯል።

መፍትሔው አልጠፋም። እንዲያውም ከተገኘ ቆየ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለውን ማሽን የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ ምርመራ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ነው። አሠራሩ ለማንም ይገባል። አክታው ከማቅጠኛ ፈሳሽ ጋር ይደባለቅና በእጅ መዳፍ የምትያዝ ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል። ካርትሪጇ ማሽኑ ውስጥ ትገባለች። ማሽኑ የባሲሉን ዘረ መል ፈልጎ፣ ደጋግሞ አባዝቶ፣ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ይህን ሁሉ የሚጨርሰው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። በዚያው አፉ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋናው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ ይናገራል። በድሮው መንገድ ባሲሉን በላብራቶሪ አብቅሎ ይህንኑ ለማወቅ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። «አልትራ» የምትባለው አዲሷ ካርትሪጅ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ገደማ ባሲል ካገኘች ይበቃታል። 16 የት፣ 10 ሺህ የት!

ማሽኑ ታዲያ አገራችን ገብቷል ወይ? ገብቷል። እንዳልገባ አድርጌ ልጽፍ አልሻም፤ ውሸት ነው። በሆስፒታሎች አለ፣ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችም አለ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ተቋም በነጻ እንደሚሰጥም የታወቀ ነው። ሪፖርቱም ላይ የሚነበበው ይህ ነው፦ ማሽን አለ፣ ምርመራው ነጻ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተርም ይህንኑ ይላል።

እንግዲህ ነጻ የተባለው ምን ያህል ነጻ እንደሆነ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰፈሬ ውስጥ ያለ፣ በግንባታ የቀን ሥራ የሚያድር አንድ ጎልማሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስል ሰነበተ። ሚስቱ «ወንድሜ፣ እባክህ አብረኸው ሂድልኝ፣ ብቻውን ሲሆን ያጉላሉታል» አለችኝና አብሬው ሄድኩ። አንድ ጤና ጣቢያ፣ ስሙን አልጠራም፣ አክታው በማይክሮስኮፕ ታየና «የለብህም» ተባለ። ኪኒን ተሰጠው፤ በሳምንቱ ተመለስ ተባለ። በሳምንቱ ብሶበት ተመለስን። አሁን ማሽን ወዳለበት ሌላ ተቋም ወረቀት ተጻፈልን። ሁለት ታክሲ ይዘን ደረስን። «ማሽኑ አለ፣ ካርትሪጅ ግን ጨርሰናል፤ ሰኞ ሞክሩ» አለችን ልጅቱ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ልጅቱ አፍራ ነው የተናገረችው። ሰኞ ስንሄድ ካርትሪጅ መጥቷል፤ መብራት ሄዷል። ማክሰኞ ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ ሐሙስ ተነገረን፦ ቲቢ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆጥሬያለሁ፤ 19 ቀን ነው። ማሽኑ ሁለት ሰዓት የማይፈጅበትን ነገር አሠራራችን 19 ቀን ፈጀበት። በእነዚያ 19 ቀናት ሰውየው በወጉ ሥራ አልሠራም፣ ገቢ አላገኘም። አምስት ነፍስ በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ ሲያስል አደረ።

ይህን ነው እንግዲህ «ነጻ ምርመራ» የሚሉን! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ደሃው ለምርመራው ገንዘብ አልከፈለም፤ እውነት ነው። የከፈለው በቀን ገቢው፣ በታክሲ፣ በብድር፣ በልጆቹ ሳንባ ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ሰፈር ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ ያሠራቸው ጥናቶች በአማካይ ሲታዩ፣ ቲቢ ከገባባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በዚሁ ሕመም ምክንያት ከዓመት ገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ ያጣሉ። መድኃኒቱ ነጻ በሆነበት አገር ጭምር ነው ይህ የሚሆነው።

ወደ ካርትሪጇ ልመለስ፤ ምክንያቱም የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። ጂን ኤክስፐርትን የሚሠራው ሴፊድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያውን ዳናኸር የተባለው ግዙፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ማሽኑ የሌላ ኩባንያ ካርትሪጅ አይቀበልም። ማሽን ስትገዛ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ተጋባህ ማለት ነው፤ ፍቺ የለም። ዋጋውን ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ መንግሥት፣ ዩኒትኤድና የጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ አዋጥተው ከ16.86 ዶላር ወደ 9.98 ዶላር አወረዱት። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያስጠናው ጥናት በብዛት ሲመረት የአንዷ ካርትሪጅ የማምረቻ ወጪ ከ3 እስከ 5 ዶላር ባለው ውስጥ እንደሚወድቅ አሳየ። «5 ዶላር ይብቃችሁ» የሚል ዘመቻም ተነሳ። ዘመቻው ከበረታ በኋላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዳናኸር ወደ 7.97 ዶላር አወረደና «ከዚህ አላተርፍም» አለ። ሐኪሞቹ ግን አሁንም 5 ዶላር በቂ ነው እንዳሉ ናቸው።

ማሽኑ የተሠራው በማን ገንዘብ ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ ለቴክኖሎጂው መፈጠር የሕዝብና የበጎ አድራጎት ኪስ ያወጣው ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በፖስታ የተላከ የአንትራክስ ዱቄት አምስት ሰው ከገደለ በኋላ፣ የአገሪቱ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚፈትሸው በዚሁ ቴክኖሎጂ ሆነ። ልብ በሉልኝ! እነሱ ማሽኑን ወደ ፖስታ ቤት ወሰዱት። እኛ ደግሞ ማሽኑ በሽተኛው ዘንድ ስላልደረሰ፣ የበሽተኛውን ናሙና በፖስታ ቤት ወደ ማሽኑ እንልካለን። የፖስታ ሠራተኞቻችን ናሙና ማመላለሳቸው የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ለብዙ ወረዳ ብቸኛው መንገድ እሱ ነበር። ነገር ግን አክታው ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ በሽተኛው የት ይገኛል? ስልኩን ያልሰጠ፣ ስልክ የሌለው፣ ለአጨዳ ወደ ሌላ አገር የሄደ፣ ማን ይፈልገዋል? «አለብህ» የሚል ወረቀት መዝገብ ቤት ተቀምጦ ባለቤቱ ከጠፋ ምርመራ ተደረገ አይባልም።

የሕፃናቱን ነገር ሳስብ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ኤችአይቪ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን በተለመደው ፈጣን ምርመራ አይለይም፤ እስከ 18 ወር ድረስ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ምርመራው ያሳስታል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ የሞለኪውል ምርመራ ግድ ነው። ቫይረሱ ይዟቸው መድኃኒት ካላገኙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን አያከብሩም። ይህ ምርመራ በዚያው ጂን ኤክስፐርት ላይ፣ ሌላ ካርትሪጅ በማስገባት ብቻ ይሠራል። አዋቂው መድኃኒቱ እንደሠራለት የሚያውቅበት የቫይረስ መጠን ምርመራም እንዲሁ። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪም እንዲሁ። አንዱን ማሽን ለቲቢ ፕሮግራም፣ ሌላውን ለኤችአይቪ ፕሮግራም ብሎ መከፋፈል የለጋሾች ሒሳብ አያያዝ እንጂ የበሽተኛ ጥቅም አይደለም።

ስለ ለጋሾች ካነሳሁ ዘንዳ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ። አብዛኛውን የካርትሪጅ ወጪ ስንኖርበት የቆየነው በግሎባል ፈንድና በአሜሪካ ሕዝብ ቸርነት ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ ውለታ አንክድም። ነገር ግን ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢሮ በገቡበት ቀን ዕርዳታው እንዲቆም ፈረሙ። ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በፊት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብራችን በገበያ እንዲዋዥቅ ተለቋል። የዚያን ቀን ዋዜማ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያቺ የ7.97 ዶላር ካርትሪጅ 460 ብር አትሞላም ነበር። ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ያቺው ካርትሪጅ 800 ብር ገባች፣ አለፈችም። አንድ ሳንቲም አልጨመረችም፤ የወረደው የእኛ ብር ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተደራረበ። መንግሥት የብሩን ውሳኔ ሲወስን የካርትሪጇን ነገር አስቦ ነበር? ካሰበስ ለሕዝብ ለምን አልነገረም?

ይህን ስጽፍ «አገሪቱ ደሃ ናት፣ አቅም የለም፣ አትቸኩል» የሚለኝ ባለሥልጣን አይጠፋም። ይህን መልስ እንዳልቀበል የከለከለኝ መንግሥት ራሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ በኮሮና የተጠረጠሩ ሰዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ እዚህ የሚመረምር አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ። ዓመት ሳይሞላ በዚህችው ደሃ አገር የተካሄደው የሞለኪውል ምርመራ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። በክልል ከተሞች፣ በዩኒቨርሲቲዎች ላብራቶሪ ተከፈተ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከቻይናው ቢጂአይ ጋር የምርመራ ኪት የሚያመርት ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ሪባን ተቆረጠለት። ምን ማለት ነው? ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው! ኮሮና ሚኒስትሩንም፣ ሀብታሙንም፣ አውሮፕላን ተሳፋሪውንም ስለሚይዝ ተሮጠ። ቲቢ ግን በአብዛኛው አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የሚያድረውን፣ እስረኛውን፣ የማዕድን ሠራተኛውን፣ ተፈናቃዩን ነው የሚይዘው። ለእሱ ማን ይሩጥ? በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ሞቷል። አገራችንም ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትቆጠር ኖራለች።

ለመንገድ ዳር መብራትና ለአበባ የተገኘው ቁርጠኝነት ለላብራቶሪ ሲሆን የት ይገባል? ከተማ ይመር፤ አልጠላም። ያማረው አስፋልት ላይ እያሳለ የሚሄደው ሰው ግን አሁንም ወረቀት ይዞ ማሽን ፍለጋ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሆነውንም አንርሳ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ የካቲት መጨረሻ በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝተዋቸዋል። በአማራና በአፋርም የተዘረፈው ተዘርፏል። በዶላር ተለምኖ የመጣ መሣሪያ በወንድማማቾች ጥይት ሲወድም፣ በኋላ የሚያስለው ሰው ይከፍላል።

ትችት ብቻ አይበቃምና መደረግ ያለበትን ልበል።

አንደኛ፣ ጤና ሚኒስቴር የማሽኖቹን ዝርዝር ለሕዝብ ያውጣ። በየትኛው ተቋም ስንት ማሽን አለ? ስንቱ ይሠራል? ስንቱ ተበላሽቶ ቆሟል? ካርትሪጅ ስንት ቀን ጠፋ? ይህ የመከላከያ ሚስጥር አይደለም። በየወሩ በጋዜጣ ይውጣ፤ እኔ ለማተም ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ግዥው በተናጠል ልመና አይሁን። ኢትዮጵያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኮንጎ፣ ሁሉም የአንዱ ሱቅ ደንበኞች ናቸው። ደንበኞች ተባብረው «5 ዶላር» ቢሉ ባለሱቁ ይሰማል። ብቻውን የሄደ ግን የተባለውን ከፍሎ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ሱቁ አንድ ብቻ አይሁን። ሕንዶች ጎዋ ውስጥ ትሩናት የሚባል በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎታል። መብራት በሚጠፋበት ወረዳ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው። አክታ ማውጣት ለማይችለው ከምላስ ላይ በጥጥ ናሙና ለመውሰድም ተመራማሪዎች ሲደክሙ ቆይተዋል። ርካሹ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለቴ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራው አርማወር ሐንሰን እና ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» የሚለው ተቋም በእኛው በሽተኛ፣ በእኛው ሙቀት፣ በእኛው መብራት ይፈትሹት። ያለፈውን እንግዛ፣ የወደቀውን እንመልስ።

አራተኛ፣ ማሽን የሚገዛ የጥገና ውል አብሮ ይግዛ። ጂን ኤክስፐርት አቧራና ሙቀት አይወድም፤ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። ባትሪና ኢንቨርተር የሌለው ማሽን ጌጥ ነው።

አምስተኛ፣ የሥራው መለኪያ ይቀየር። «ይህን ያህል ማሽን ተከልን» ለሪባን ቆራጭ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ቁጥር ነው፦ በሽተኛው ሳል ብሎ ከገባበት ቀን ጀምሮ መድኃኒት እስኪጀምር ስንት ቀን ፈጀ? ይህን ቁጥር በየጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፉልን። ያኔ ማን እንደሠራና ማን እንደተኛ ያለ ግምገማ ይታወቃል።

በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። በ2023 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ዓለም በሙሉ እስከ 2027 ድረስ ለቲቢ የሚታይ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ በፈጣን ምርመራ ይታያል ሲል ፈረመ። በዚያው ዓመት በዓለም ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች በዚህ መንገድ የታዩት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፊርማ በሽታ አይፈውስም። ፓርላማችን በጀት ሲያጸድቅ እጅ ከማውጣት በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅልን፦ ለካርትሪጅ ከራሳችን ግምጃ ቤት የተያዘው ስንት ነው?

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእንዲህ ያለው ነው። በጊዜ የተገኘ ቲቢ የስድስት ወር ኪኒን ነው። የዘገየው መድኃኒት የተላመደ ሆኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወጪው የካርትሪጅ ዋጋ አይሆንም። የሚያስለው ሰው የራሱን ድርሻ ተወጥቷል፤ መጥቷል፣ ተሰልፏል፣ በሽታውን አልደበቀም። ተራው የእናንተ ነው፤ እናንተም ቁጥሩን አትደብቁ።